ሳፊያን ተቆጪ በያት

አቃቂ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ካሳሁን፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ስል አፈርኩ። ሌላ የደብዳቤ መጀመሪያ ደግሞ አልተማርኩም። እንግዲህ ደህና ነኝ።

ሰምታለች ወይ ላልከኝ፣ አልሰማችም። ቴሌግራምህ በፋብሪካው በኩል ስለመጣ ቤት አልደረሰም። የክፍል ኃላፊው ቢሮ ጠርቶ አነበበልኝ። "ወንድምሽ ፀሐዩ አዋሽ ላይ በወባ ዐርፏል" አለኝና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም "እሺ" አልኩት። ወደ ማሽኔ ተመልሼ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ዋልኩ። እስካሁንም አላለቀስኩም። ይኸው ነው የእኔ ነገር፣ ተወው።

የእማዬ ነገር ነው ጭንቁ። ግራ ዓይኗ እንደማያይ ታውቃለህ። የቀረው ቀኙ ነው፤ የእሱንም ሞራ የገፈፉላት ቴሌግራምህ ሊመጣ ሲል ነው። ሁለቱንም በፋሻ አስረው፣ በግራ በቀኝ ትራስ ደግፈው በጀርባዋ አስተኝተዋታል። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "እንዳታለቅስ። ካለቀሰች ስፌቱ ይለቃል፤ ይኼ ዓይን ከጠፋ ሌላ የላትም" አለኝ። ስለ ፀሐዩ ገና አላወቅሁም ነበርና "የሚያስለቅስ ምን አላትና ዶክተር" ብዬ ሳቅሁበት።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሰቦቃ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መክሯል። መርዶው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል፤ ገናን ሳያልፍ አይቀርም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አታውቅም። እኔ ፈረቃ ስገባ ባለሱቋ ሳፊያ እየተመላለሰች ታያታለች፤ የቀረውን ጊዜ ከእሷ ጋር ብቻዬን ነኝ። ማየት ባትችልም ጆሮዋ እንደ ወትሮው ነው። ትናንት "ብዙዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?" አለችኝ። የጥጥ ብናኝ ነው አልኳት። ይኼ ብናኝ እስከ ገና እንዴት ያደርሰኛል?

አንተ እዚህ ከተማ መድረክ ላይ ስትወጣ ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ለባቡር ሠራተኞች ክበብ ቲያትር ታዘጋጃለህ። እንግዲያው አስተምረኝ። እንዴት ነው ሰው ያልሆነውን ሆኖ ከሰው ፊት የሚቆመው?

ደግሞ ንገረኝ። ደርሰህበት ነበር? ማን ገነዘው? የት ቀበራችሁት?

እህትህ ብዙወርቅ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ብዙወርቅ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎችሽን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። አሁን ወደ ሥራው።

ለጊዜው ዕድለኛ ነሽ፤ ተመልካችሽ አታይም። ፊትሽ እንደፈለገ ይሁን፣ ድምፅሽን ብቻ ያዢ። ድምፅ የሚሰበረው ከሐዘን ብዛት ይመስልሻል፤ አይደለም፣ እስትንፋስ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ከበሩ ውጪ ቁሚና አየር ከሆድሽ ድረስ ሳቢ። ትከሻሽ ከተነሣ አልተሳበም፣ እንደገና ጀምሪ። ዓረፍተ ነገርሽ አጭር ይሁን፤ አየርሽ ሳያልቅ ቃልሽ ይለቅ።

እዚህ ክበብ የመጡ ጀማሪዎች ሁሉ "ምን ልምሰል?" ይሉኛል። "ደስተኛ ምሰል፣ የተናደደ ምሰል" እንድላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን "ምን ፈልገህ ነው የገባኸው?" ነው የምላቸው። አንቺም "ሞቱን ልደብቃት" ብለሽ ከገባሽ አለቀልሽ። መደበቅ አይተወንም፤ የሚደብቅ ሰው መደበቁ ያስታውቃል። "እማዬ ሾርባዋን ሳትጨርስ አልወጣም" ብለሽ ግቢ። ሾርባውን ከልብሽ ፈልጊው። እሱን ስትፈልጊ ሌላው ከድምፅሽ ላይ ይጠፋል።

እጅሽን ባዶ አታድርጊው። ልብስ እጠፊ፣ ሽንኩርት ላጪ። ስለ እሱ ስትጠይቅሽም አትቸኩዪ፤ ውሸታም ነው የሚቸኩለው። የያዝሽውን አጥፈሽ ጨርሺና ከዚያ መልሺ። በመድረክ ላይ ይኼን ፋታ እንለዋለን። ፋታ ላይ ተዋናዩ ምንም ባያደርግ እንኳ ተመልካቹ የራሱን ሐሳብ ይሞላበታል።

ደብዳቤ መጣ ወይ ማለቷ ስለማይቀር የሚነበብላትን ለብቻ ጽፌያለሁ። አንድም ቃል አትዝለዪ፤ ከዘለልሽ ትደናቀፊያለሽ።

ካሳሁን

(ከዚሁ ጋር ተጣጥፎ የመጣ)

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ ለወይዘሮ ያለምወርቅ

ዓይንሽን እንዴት አደረገሽ? እኛ በጸሎትሽ ደህና ነን። ፀሐዩ የጥጥ ለቀማው ስለደረሰበት ብዕር ለመያዝ ጊዜ አጥቶ በእኔ በኩል ጉልበትሽን ይስማል። ቆላው ተስማምቶታል፤ ሰውነቱም ሞላ ብሏል አሉ። አደራሽን፣ በናፍቆትም ቢሆን እንዳታለቅሺ፤ ሐኪሙ የሚልሽን ስሚ። ዓይንሽ ሲበራ ሁላችንንም ታዪናለሽ።

ልጅሽ ካሳሁን


አቃቂ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ

ለእማዬ የላክኸውን አነበብኩላት። "ቆላው ተስማምቶታል" የምትለው ጋ ስደርስም አየሬ አላለቀም፤ ጎበዝ ነኝ። ግን አንተን ልጠይቅህ፣ ያንን ስትጽፍ እጅህ ምንም አላለም? ጽሕፈትህ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው።

ሾርባውን ጨርሳለች። ያልከኝ ሠርቷል። እንዲያውም አንዳንዴ ከሾርባው በቀር የምፈልገው ነገር የሌለ ይመስለኛል። ስትጨርስ ደስ ይለኛል፤ የእውነት ደስታ መሆኑን ግን አላውቅም፣ አልመረመርኩትም።

ደብዳቤው ታዲያ ጣጣ አመጣ። "ሞላ ብሏል" የሚለውን ሰምታ በሶ ካላስፈጨሁለት ብላ ድርቅ አለች። ተፈጭቶ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ በባቡር ሠራተኛው በዱሬሳ እጅ መጥቶልሃል። ለሚበላው ሰው አድርስ ተብለሃል። እኔ ምን ልበል?

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ አበላሹት። ሳፊያን ታውቃታለህ፤ ለአንድ ስኒ ላምባ ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት ናት። አሁን ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልታ "ይኑር እትዬ ያለም፣ ምን አለበት" ትላለች። ጋሽ ሰቦቃ በአጥሩ ምክንያት ከእማዬ ጋር እንደተኳረፈ አልነበር? ጠዋት በመስኮት "እንዴት አደርሽ እናትዬ" አላት፣ ድምፁን አለስልሶ። ሴቶቹ ሲገቡ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ሲወጡ ይተነፍሳሉ።

ትናንት እጄን ያዘችኝ። "ብዙዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልሞት ነው አይደል? ሐኪሙ ትሞታለች ብሏችኋል። ሳፊያ ላምባ በነፃ የምትሰጠው ለሬሳ ካልሆነ ለማን ነው? ቀድማችሁ እያለቀሳችሁኝ ነው" አለች። አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባዋ ከፋሻው ሥር ሊመጣ ነው ብዬ ነፍሴ ወጣች። "እማዬ፣ ሞት ይርሳሽ!" ብዬ ጮኽኩባት፤ ያለ ፋታ፣ ያለ አየር። ለትናንቱ ተረፍን። ነገስ? እስካሁን ጠብቄ ዓይኗን ላፈስሰው ነው። ቶሎ መልስልኝ።

ስለ መቃብሩ ደግሞ ምንም አልጻፍክልኝም።

ብዙወርቅ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ

ጥፋቱ የሳፊያ አይደለም። አዘጋጅ የሌለው ቲያትር እንደዚህ ነው የሚሆነው። ሁሉም የሚያውቀውን መጨረሻ ከመጀመሪያው ይጫወተዋል። አራተኛው ክፍል ላይ የሚሞት ሰው አለ ብለው ገና መጋረጃው ሲከፈት ፊታቸውን ያከስላሉ። ይኼን ማጋነን እንለዋለን። ሰው ማጋነን ሲባል ጩኸት ይመስለዋል፣ ልስላሴም ማጋነን ነው።

ሰብስቢያቸው። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ወደ ገጸ ባሕርዩ መመለስ ነው። ሳፊያን ተቆጪ በያት። ዝም ብለሽ "ተቆጪ" ካልሻት ግን ደግሞ ቁጣ ትሠራለች፣ እሱም ያስታውቃል። ከእማዬ የምትፈልገው የእውነት የሆነ ነገር ፈልጊላት፤ ያልተመለሰ ዕቃ፣ ያልተቋጨ ክርክር። እሱን እንድትፈልግ አድርጊ። ጋሽ ሰቦቃ ወደ ኩርፊያው ይመለስ፤ በመስኮት ሲያልፍ ጉሮሮውን ጠርጎ ይለፍ፣ ይበቃል። መተንፈስ የማይተዉ ሴቶች አይግቡ።

አንዴ ተለማመዱ። ከእናታችን ጆሮ ርቃችሁ፣ ሱቁ ጓዳ ውስጥ። እማዬ እንዴት እንደምትመልስ ስለምታውቂ የእሷን ቃል አንቺ ተናገሪ።

በሶው ደርሶኛል። አልፈታሁትም።

እኛም እዚህ የሚያስቅ ቲያትር እያዘጋጀን ነው። ዋናው ተዋናይ ሰካራም ሆኖ መውደቅ አለበትና አልወድቅ ብሎ አስቸግሮኛል። መሬቱን ስለማያምን፣ ስለሚፈራ ነው። ስናበቃ ደክሞኝ እተኛለሁ። እንቅልፍ ደህና ነው።

ካሳሁን


አቃቂ፣ ኅዳር 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ካሳሁን

እንዴት ሰነበትክ? ያልከውን አደረግን። ሳፊያ መጀመሪያ እምቢ አለች። "ልጇ የሞተባትን ሴት? ወላሂ አላደርገውም! ሐራም ነው ብዙወርቅ፤ አላህ ምላሴን ይቁረጠው" ብላ ከመደርደሪያው ሥር ተቀመጠች። ለዓይኗ ነው አልኳት፤ ብታለቅስ ትታወራለች አልኳት። እኔ እማዬን ሆኜ ከመለማመዳችን በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋት። "ከእናቴ የሚመለስልሽ ነገር የለም?" ብላት አሰብ አድርጋ "ጠርሙሴ" አለች። "እዚያ ያለው የላምባ ጠርሙስ የእኔ ነው፤ የጣሊያን ጠርሙስ፣ እንደሱ ያለ አይገኝም።" በቃ፣ ጠርሙስሽን ፈልጊ አልኳት።

እሑድ ከሰዓት በር ላይ ቆመች። አየር ስትስብ አየኋት፤ አስተምሬያታለሁ። ከዚያ ገባች።

"እትዬ ያለም! ያንን ጠርሙስ አይመልሱም እንዴ? የእኔ ሱቅ የጠርሙስ መጣያ ነው?"

እማዬ ከተኛችበት ቀና ልትል ስትል በትከሻዋ ያዝኳት። "የትኛው ጠርሙስ? ያ አንገቱ የተሸረፈው? አንቺ ሴት፣ የሰነጠቅሽውን ሰጥተሽኝ ጤነኛ ልትቀበዪኝ ነው?"

"እኔ ሰነጠቅኩት? ቢስሚላህ! በድፍን አቃቂ ጠርሙስ ሰባሪ እንደ እርስዎ ያለ የለም!"

"ዓይኔ ቢታሰር ምላሴ አልታሰረም! ከዛሬ ጀምሮ ላምባ ከሌላ ሱቅ ነው የማስመጣው፣ ያንቺ ግማሹ ውሃ ነው!"

"ያስመጡ! ያስመጡና በጨለማ ይደሩ! ጠርሙሴን ብቻ!"

እማዬ ሳቀች። ወንድምጋሼ፣ ከሆዷ ነው የሳቀችው፣ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ። "ይቺ ሴት አለች! እኔ እኮ ልሞት መስሎኝ ነበር" አለች። "ሳፊያ ከተቆጣችኝ ገና ነኝ።" እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ሳቅ መምጣት ያለበት ቦታ ስለነበረ። ሳፊያ ጠርሙሷን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች። ተከትያት ብወጣ ከግንቡ ጀርባ ቁጭ ብላ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ጋሽ ሰቦቃም ከአጥሩ ማዶ በቆብ ፊቱን ሸፍኖ ቆሟል። የሚያስለቅሳቸው ነገር ግልጽ ነው። እኔ ግን ሳፊያን ሳያት ያሰብኩት "ያ አላህ ሳትል ጨርሳለች፣ ደግ ሠራች" የሚለውን ብቻ ነው። እንዲህ ሆኛለሁ። ያስፈራል? እኔን አያስፈራኝም፤ ምንም አይለኝም።

ከዚያ ወዲህ እማዬ በደንብ ትበላለች፤ ትቀልዳለች። ለፀሐዩ ልትድርለት የሰፈራችንን የመገርሳን ልጅ እያሰበች ነው።

ፋሻው ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሊፈታ ነው። ሐኪሙ ያኔም ማልቀስ የለም ብሏል፣ ቁስሉ እስኪጠነክር። እንግዲህ ልታየኝ ነው። ድምፄ ደህና ነው፤ ፊቴን ምን ላድርገው? ጋሽ ሰቦቃ ደግሞ ለመርዶው አንተ እንድትመጣ አዟል።

የጠየቅሁህን አትመልስ እሺ። አንተ አትመልስ፣ እኔ እጠይቃለሁ።

ብዙወርቅ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ብዙወርቅ

ሳፊያን ሳሚልኝ። እዚህ ካሉኝ ሁሉ ትበልጣለች።

ስለ ፊት። መድረክ ላይ ፊት ሩቅ ነው፤ ኋላ የተቀመጠው እንዲያይ ቅንድብን እናነሣለን፣ እጅን እንዘረጋለን። አንቺ ግን ከአልጋዋ ጎን ነሽ። ያ መድረክ አይደለም፣ ፊልም ነው። አንድ ጊዜ ፈረንጆች ፊልም ሊያነሱ መጥተው እኔንም ከሕዝቡ መሀል አስገብተውኝ ነበር። የሞተ ሰው ሬሳ ሲያልፍ እይ ተባልኩ። እኔ የመድረክ ሰው ነኝና ፊቴን አጨማደድኩ፣ ደረቴን ደቃሁ። አዘጋጁ በአስተርጓሚ "ምንም አታድርግ" አለኝ። "ካሜራው ቅርብ ነው። አንተ ዝም ብለህ አስብ፤ እሱ ሐሳብህን ያነሣዋል።" ያሰብኩት ምሳ መቼ እንደሚሰጡን ነበር። በኋላ ሲያዩት "ምን ያለ ሐዘን ነው" አሉኝ።

የእናት ዓይን ካሜራ ነው። ፊትሽን ፈገግ አታድርጊው፤ አፍ ፈገግ ብሎ ዓይን ካልተከተለው ያጋልጣል። ምንም አታድርጊ። ግን አስቢ፣ ስለ ሌላ ነገር። ስለ ማሽንሽ፣ ስለሚበጠሰው ክር። ዓይኗን አትሽሺ፤ ከሁለቱ አንዱን መርጠሽ እሱን ብቻ እዪ፣ የሚያየውን።

ለመርዶው እንድመጣ ጋሽ ሰቦቃ እንዳዘዘ ጽፈሻል። ቲያትራችን የሚታየው ያኔ ስለሆነ የሚመች አይመስለኝም። እናያለን።

ካሳሁን


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ

ፋሻው ተፈታ። ታያለች! መርፌ ውስጥ ክር ከተተች። ዕልል አልኩ፤ ዕልልታው ከየት እንደመጣ እንጃ።

መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እኔም ያልከውን፣ የሚያየውን ዓይኗን ብቻ አየሁ። ስለ ክሩ አሰብኩ። "ከሳሽ" አለችኝ። ጾሙ ነው እማዬ አልኳት። "የነቢያት ጾም ነው ወይስ የሰማዕታት?" ብላ ቀለደች። ፊቴን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ፋሻው ያልተፈታ ይመስል። ከዚያ ስለ ጠርሙሱ ልትጣላ ሳፊያን አስጠራች።

ሐኪሙ ከገና በኋላ ይቻላል ብሏል። ጋሽ ሰቦቃ ጥር 3 ቀን ንጋት ላይ ብሎ ቆርጧል። ዕድሩ ድንኳኑን አዘጋጅቷል። ልጅ በሌለበት መርዶ አይነገርም ይላል፤ አንተ ትልቁ ነህ። ቲያትርህን ለሌላ ሰው ስጥ። ለስሙ እንኳ አጠገቧ ቁምላት።

ና።

ብዙወርቅ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ብዙወርቅ

አልመጣም። እንዳትጠብቁኝ። ሰበብ አልፈጥርም፣ ቲያትሩ ታይቶ አልቋል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሆስፒታል ስደርስ በሕይወት ነበር። ያውቀኝ ነበር። "ለእማዬ እንዲህ በላት" አላለም፤ ለመድረክ የሚሆን ቃል አልተናገረም። "ጫማዬን ማን ወሰደው?" ነው ያለው፣ ደጋግሞ። ጫማውን ፈልጌ ሳመጣ ዐርፎ ነበር። የገነዝኩት እኔ ነኝ፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር። የቀበርነው ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ማርያም ነው። ዛፍ አለበት፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። ጫማውን አደረግሁለት።

ወደዚህ ተመልሼ ለማንም አልነገርኩም። በማግስቱ ልምምድ ስለነበረ ገባሁ። እስከ ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ ወንድሜ መሞቱን የሚያውቅ ሰው የለም። ብናገር ለቅሶ ይመጣሉ፤ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ሰው እየገባ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ይለኛል። ያን ጊዜ የእውነት ሞተ ማለት ነው። በመድረክ ላይ ስንቴ ሞቼ፣ ስንቴ አልቅሼ አስለቅሻለሁ፤ እናቴ ፊት ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። እፈራለሁ ብዙዬ። ይኸው ጻፍኩት።

አንቺ ግን አለማልቀስሽን ሰው እንዳያይብሽ። በሰው ፊት ያላለቀሰች እህት ዕድሜዋን ሙሉ ሲወራባት ትኖራለች። አፍሽን ክፈቺ፣ ትከሻሽን ጣይ፤ አየሩን በአንዴ ሳይሆን እየቆራረጥሽ ወደ ውስጥ ሳቢ። ሰውነትሽ ሲያለቅስ የሚያደርገውን አድርጊ፤ እንባው ሰውነትን ተከትሎ ይመጣል። ለብዙ ተዋናይ አስተምሬው እምቢ ያለው የለም።

ካሳሁን


አቃቂ፣ ጥር 16 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምጋሼ ካሳሁን

ስለጻፍክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫማውን ስላደረግህለትም።

መርዶው ጥር 3 ቀን ንጋት ላይ ተነገረ። ጋሽ ሰቦቃና ሽማግሌዎቹ ገና ከበሩ ሲገቡ ገባት። ቀድማ ያለቀሰችው ሳፊያ ናት። እማዬ እንዴት እንደሆነች አልጽፍልህም፤ ታውቃታለህ። ዓይኗ አልተጎዳም፤ ሐኪሙ አይቷታል። ያቆየነው ለዚያ ነበርና እሱስ ተሳክቶልናል።

እኔ አላለቀስኩም። ያስተማርከኝን አላጣሁትም። ትከሻዬን ልጥለው፣ አየሩን ልቆራርጠው ሁሉ ተሰናድቼ ነበር። እማዬ መሀል ላይ ቆማ ስሙን ስትጠራ ሳያት አላደርገውም አልኩ። እሷ በእውነት እያለቀሰች አጠገቧ ልሠራ? ደረቅ ፊቴን ይዤ ቆምኩ። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። "አንጀቷ ድንጋይ ነው" ያለችውንም አውቃታለሁ። እማዬም አየችኝ። ያቺው ያዳንናት ዓይኗ እኔ ላይ ቆመች።

ከሣልስቱ በኋላ ጠራችኝ። "መቼ ነው ያወቅሽው?" አለች። ነገርኳት። "በሶውን ስልክለት?" አዎ አልኳት። "ሳፊያ ስትቆጣኝ እሷም ታውቅ ነበር?" አዎ እማዬ። "ያን ቀን እኮ ስቄያለሁ" አለች። "ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ ሚስት እየመረጥኩለት አሳቃችሁኝ። ዕውር ብሆን ይሻለኝ ነበር።" ከዚያ ወዲያ አኮረፈችኝ። ምግብ ሳቀርብላት ከሳፊያ እጅ ትቀበላለች እንጂ ከእኔ አትቀበልም። አምስት ቀን ያህል እንደዚያ ሆነች። ከሁሉም የከበደኝ ይኼ ነው፤ ቢያንስ የከበደኝ ነገር ተገኘ።

በጥምቀት ማግስት ግን እንደገና አስጠራችኝ። "ላንቺ ማን ነገረሽ?" አለችኝ። የክፍል ኃላፊው ቢሮ ጠርቶ አነበበልኝ አልኳት። "ሰው አልያዘሽም? የተቀመጠ ሽማግሌ አልነበረም?" የለም፣ ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ አልኳት። ፊቴን አየችው። ምንም ሳላደርግ ቆምኩ። ምንም ያለማድረግን ከአንተ ስለተማርኩ ሳይሆን ሌላ የምችለው ስላልነበረ ነው።

"እንግዲያ አንቺ መች ተረዳሽ" አለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። ጋሽ ሰቦቃ መጥቷል፣ ሽማግሌዎቹ መጥተዋል፣ ሳፊያ ጥቁር ሻርፗን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። "ምንድን ነው?" አልኩ፤ የእውነት ግራ ገብቶኝ ነው የጠየቅሁት። ሳፊያ ከኋላ አቀፈችኝ፣ እንዳልወድቅ እንደሚያዝ ሰው። ጋሽ ሰቦቃ ቆቡን አወለቀና "ልጄ ብዙወርቅ፣ የማይቀር ነው፣ እንግዲህ ጠንከር በዪ" አለኝ። እማዬ ከፊቴ ተቀመጠች፣ ሁለት እጄን ያዘች። "ብዙዬ፣ ወንድምሽ ሞተብሽ። ፀሐዩ ሞተብሽ፣ እናቴ" አለችኝና የእኔን ለቅሶ ማልቀስ ጀመረች። የራሷን አይደለም። "ወንድሟ የሞተባት፣ ብቻዋን የተሸከመችው፣ ልጄ፣ ልጄ" እያለች።

እንባ ጎረፈኝ ብል ይኸው ውሸት ይሆናል።  ሳፊያ ባትይዘኝ ግን መሬት ነበርኩ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ፤ ሰውም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አለኝ፣ አንድ በአንድ። ረፋዱ ላይ ምግብ አቀረቡልኝና ራበኝ። ከመስከረም ወዲህ የራበኝ ያን ቀን ነው።

ማታ ደብዳቤህን አነበብኩላት፤ ታኅሣሥ ላይ የጻፍከውን። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ጫማው ጋ ስደርስ አስቁማኝ ደግሜ አስነበበችኝ። ከዚያ "እሱንስ ማን አረዳው?" አለች። ማንም አልኳት።

እና እንግዲህ ስማ። ቅዳሜ በሚመጣው ባቡር እንሳፈራለን፤ እማዬ፣ ጋሽ ሰቦቃ፣ ሳፊያ፣ እኔ። ሳፊያ ሱቋን ለባሏ ለታጁ ትታ ነው የምትመጣው። ጎረቤቶችህ ቀድመው እንዲያውቁ ዱሬሳ እዚያ እንደደረሰ ይነግራቸዋል፤ ፍራሽ ያነጥፋሉ። እማዬ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ እሑድ ንጋት ላይ በርህን እንመታለን፤ ልናረዳህ ነው የምንመጣው። ማን ነው ብለህ ክፈት።

እኔ ደግሞ ከእኔ አንዲት ነገር ልጨምር። እንዳትለማመድ።

እህትህ ብዙወርቅ